ጤፍ ሸጠን ስኳር ስንገዛ

በገበያ ቀን በመርጡለ ማርያም መግቢያ ላይ ቆም ብሎ ያስተዋለ ሰው ሁለት ዓይነት ጭነት ያያል። ጠዋት ከየቀበሌው በአህያ ተጭኖ የሚገባው ጤፍ፣ ባቄላ፣ ሽንብራ፣ ገብስና ተልባ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደየቤቱ የሚመለሰው ደግሞ ስኳር፣ ዘይት፣ ፓስታ፣ ለልጆች ብስኩትና ከረሜላ፣ እንግዳ ለሚጠበቅበት ቤት ለስላሳ መጠጥ ነው። ምርትን ሸጦ የጎደለን መግዛት የገበያ ወግ ነው፤ የሚነቀፍ አይደለም። በቢቸናም፣ በሞጣም፣ በሌላውም የአገራችን ከተማ የሚታየው ይኸው ነው። ነገር ግን የዚህ ልውውጥ ሒሳብ የሚወራረደው በኪሳችን ብቻ አይደለም፤ በአንጀታችን ውስጥም ይወራረዳል።

ውድ አንባቢያን፣ የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊትና የጉበት ስብ ሲነሱ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ውፍረትና ስለ ዘር ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት ግን የሕክምና ሳይንስ አንድ ሦስተኛ ወገን እንዳለ አሳይቷል። ይህም በአንጀታችን ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎችና በበሽታ መከላከያ ሕዋሳቶቻችን መካከል ያለው ግንኙነት ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ግንኙነት ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያበላሸውና ከማዕዳችን ላይ በምን እንደምንጠብቀው እናያለን።

በአንጀታችን ውስጥ እነማን አሉ?

“ሆድ ካገር ይሰፋል” ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የተነገረው ስለ ምሥጢር ቢሆንም ለሐኪምም እውነት ነው። በአንድ አዋቂ ሰው አንጀት ውስጥ፣ በተለይም በትልቁ አንጀት፣ ከ30 እስከ 40 ትሪሊዮን የሚገመቱ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ይህ ቁጥር ሰውነታችን ከተሠራባቸው ሕዋሳት ብዛት ጋር የሚቀራረብ ነው። አብዛኞቹ በሽታ አያመጡም። እንዲያውም እኛ መፍጨት ያልቻልነውን ምግብ ይፈጫሉ፣ አንዳንድ ቫይታሚኖችን ያመርታሉ፣ ጎጂ ተሕዋስያን ቦታ እንዳያገኙም ይሻማሉ።

እነዚህን ባክቴሪያዎች ከደማችን የሚለያቸው የአንጀት ግድግዳ ውስጠኛ ሽፋን በጣም ስስ ነው፤ ውፍረቱ የአንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ ነው። ከላዩ ደግሞ እንደ ንፍጥ ያለ የሚያዳልጥ ልባስ አለው። ከግድግዳው ሥር ከሰውነታችን የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት መካከል ትልቁ ሠራዊት ሰፍሯል። ሠራዊቱ እዚያ የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። በየቀኑ ከውጭ የሚገባው ምግብ፣ ውኃና ተሕዋስ ሁሉ የሚያልፈው በዚሁ በር ስለሆነ ነው።

የዚህ ሠራዊት ሥራ ከባድ ነው። የታይፎይድን ተሕዋስ ሲያገኝ መዋጋት አለበት፤ ነዋሪውን ባክቴሪያና የምንበላውን ባቄላ ግን መታገሥ አለበት። ሁሉንም ከተዋጋ አንጀቱ ራሱ ይቆስላል። ሁሉንም ከታገሠ ደግሞ በሽታ ይገባል። ታዲያ ማንን መዋጋት፣ ማንን መታገሥ እንዳለበት እንዴት ያውቃል? ከሚማርባቸው መንገዶች አንዱ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው የሚልኩለት መልእክት ነው።

አሰር፣ የሰላሙ ዋጋ

ምግብ ውስጥ ሆዳችን ሊፈጨው የማይችል ክፍል አለ። አሰር ወይም ፋይበር እንለዋለን። የጤፍና የገብስ ገለፈት፣ የባቄላ ቅርፊት፣ የጎመን አገዳ፣ የተልባ ሽፋን ሁሉ አሰር አለው። አሰር በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ አልፎ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎቹ ያብላሉታል። ሊጥ በእርሾ እንደሚቦካ ማለት ነው። ከዚህ መብላላት ቡቲሬት የሚባለውን ጨምሮ ቀለል ያሉ የስብ አሲዶች ይወጣሉ።

ቡቲሬት በርካታ ሥራ ይሠራል። ለትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋነኛ ምግባቸው ነው፤ ስለዚህ ግድግዳው እንዳይሳሳ ያደርጋል። ለመከላከያ ሠራዊቱ ደግሞ መልእክት ነው፤ ቁጣን የሚያበርዱ፣ “ይህ ቤተኛ ነው፣ ተወው” የሚሉ ተቆጣጣሪ ሕዋሳት እንዲበዙ ያግዛል። እነዚሁ የስብ አሲዶች አንጀት የጥጋብ ሆርሞኖችን እንዲያመነጭ ይገፋፋሉ። ከእነዚህ ሆርሞኖች አንዱ ቆሽት ኢንሱሊንን በወቅቱ እንዲለቅ ይረዳል። በአጭሩ፣ ንፍሮ የበላ ሰው ባክቴሪያዎቹንም አብሮ መግቧል፤ ባክቴሪያዎቹም ውለታውን ለአንጀቱ፣ ለቆሽቱና ለጉበቱ ይመልሳሉ።

ሰላሙ ሲደፈርስ

አሰር ሲጎድል ባክቴሪያዎቹ ይራባሉ። በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት እንደታየው፣ አሰር ያጡ ባክቴሪያዎች የአንጀቱን ልባስ ራሱን መብላት ይጀምራሉ። ልባሱ ሲሳሳ የባክቴሪያ ቁርጥራጭ ወደ ደም ሊያልፍ ይችላል። መከላከያ ሠራዊቱም ጠላት የገባ መስሎት ይነሣል። ይህ ትኩሳት የሚያስነሣ፣ ከአልጋ የሚጥል ውጊያ አይደለም። ሰውየው ሳያውቀው ለዓመታት እንደ ፍም ውስጥ ውስጡን የሚነድ መቆጣት ነው። መቆጣቱ ወደ ጉበት፣ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሲዛመት እነዚህ አካላት የኢንሱሊንን ትእዛዝ መስማት ያቅታቸዋል። ስኳር በደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ስብ በጉበት ላይ ይከማቻል። ለስኳር ሕመም ከሚያበቁ መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

የስኳር ጉዳት ደግሞ በሌላ በኩልም ይመጣል። በኒውዮርክ የሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.አ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት አይጦችን ስብና ስኳር የበዛበት ምግብ ለአራት ሳምንታት መገቡ። ስኳሩ አንድ ጠቃሚ የባክቴሪያ ዓይነት ከአንጀታቸው እንዲጠፋ አደረገ። ባክቴሪያው ሲጠፋ እሱ ያነቃቃቸው የነበሩ የመከላከያ ሕዋሳት ተመናመኑ። እነዚያ ሕዋሳት ጎጂ ስብ በአንጀት በኩል በብዛት እንዳይገባ የሚገድቡ ነበሩ። አይጦቹም ወፈሩ፣ ኢንሱሊናቸውም መሥራት አቃተው። ያንኑ ያህል ስብ እየበሉ ስኳር ያልተሰጣቸው ግን ሕዋሳቱን አላጡም፤ ከጉዳቱም ተጠበቁ። ባክቴሪያው ቀድሞውኑ ባልነበራቸው አይጦች ላይ ግን ስኳርን መተው ብቻውን አልጠቀመም። አይጥ ሰው አይደለም፤ ውጤቱን እንዳለ ወደ ሰው ማምጣት አይቻልም። ሆኖም ምግብ፣ ባክቴሪያና መከላከያ ሕዋስ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ መሆናቸውን በግልጽ ያሳያል።

ከኪሊማንጃሮ ሥር የመጣ ማስረጃ

በሰው ላይ የተደረገና ለእኛ ኑሮ የሚቀርብ ጥናት ከፈለጉ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በታንዛኒያ፣ በኪሊማንጃሮ ተራራ አካባቢ በሚኖሩ 77 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ላይ የተደረገው ጥናት እ.አ.አ. በ2025 ታትሟል። ጥራጥሬ፣ ቅጠላ ቅጠልና ያልተፈተገ እህል ይበሉ የነበሩ የገጠር ወጣቶች ለሁለት ሳምንት የተቀነባበረና የተጠበሰ የከተማ ምግብ እንዲበሉ ተደረገ። የከተማ ምግብ የለመዱት ደግሞ ለሁለት ሳምንት ወደ አያቶቻቸው ማዕድ ተመለሱ። ሦስተኛው ቡድን ከሙዝና ከዳጉሳ የሚጠመቀውን የአካባቢውን የፈላ መጠጥ ለአንድ ሳምንት ጠጣ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ወደ ከተማ ምግብ በተሻገሩት ወጣቶች ደም ውስጥ የመቆጣት ምልክቶች ጨመሩ፤ የመከላከያ ሕዋሳታቸውም ለተሕዋስያን የሚሰጡት ምላሽ ተዳከመ። ወደ ቀድሞው ምግብ በተመለሱትና የፈላውን መጠጥ በጠጡት ላይ ግን የመቆጣት ምልክቶቹ ቀነሱ። ከለውጦቹ አንዳንዶቹ ከአራት ሳምንት በኋላም አልጠፉም።

ከዚያ ቀደም ብሎ እ.አ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት 20 አፍሪካ አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት ምግብ እንዲለዋወጡ አድርጎ ነበር። የአሜሪካኖቹ የቀን አሰር ከ14 ወደ 55 ግራም ከፍ ሲል የአፍሪካውያኑ ከ66 ወደ 12 ግራም ወረደ። አሰር በበሉት አሜሪካውያን የቡቲሬት ምርት ጨመረ፣ የአንጀታቸው መቆጣትም በረደ። በአፍሪካውያኑ ላይ የታየው ተቃራኒው ነው።

የእኛም ወገኖች ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.አ.አ. በ1984 እና በ1991 በተካሄዱ ዘመቻዎች ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ከአገር ሲወጡ የስኳር ሕመም ብዙም አያጠቃቸውም ነበር። እዚያ በኖሩባቸው ዓመታት ግን ሕመሙ በመካከላቸው በእጅጉ ጨመረ። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ የእግር መንገዱ ቀረ፣ ኑሮው ተለወጠ፣ ማዕዱም ተለወጠ። ዘራቸው ግን ያው ነው። ይህንን ለውጥ ለማየት ዛሬ አውሮፕላን መሳፈር አያስፈልግም፤ ማዕዱ በገበያ በኩል እቤታችን ድረስ መጥቷልና።

“ስኳር የሀብታም በሽታ ነው” ይባላል

አይደለም። በገጠሩ የሰሜን ኢትዮጵያ ክፍል ቀጭን፣ ወጣት፣ ጎልማሳ ገበሬዎች በስኳር ሕመም እንደሚያዙ የጎንደር ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ሲመዘግቡ ቆይተዋል። በልጅነት ከደረሰ የምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.አ.አ. በ2025 “ዓይነት 5” ብሎ ለብቻው እውቅና ሰጥቶታል። ስለዚህ በልጅነቱ ተርቦ ያደገ ሰው ቆሽቱ ብዙ ስኳር የመሸከም አቅም ላይኖረው ይችላል። ቀጭን ነኝ ብሎ ለስላሳ መጠጥን እንደ ጉልበት ሰጪ መቁጠር ለእንዲህ ያለው ሰው አደገኛ ነው።

ከማዕዳችን ላይ ምን አለ?

የመጀመሪያው ጤፍ ነው። ፍሬው በጣም ትንሽ ስለሆነ ገለፈቱን ለይቶ ማውጣት አይቻልም፤ ከነገለፈቱ ይፈጫል። በዚህም የተነሣ በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 8 ግራም ያህል አሰር ሲገኝ በነጭ የስንዴ ዱቄት ውስጥ 3 ግራም እንኳ አይሞላም። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንዲያገኝ ይመክራል። እንጀራን በአትክልትና በጥራጥሬ የሚበላ ሰው ይህን ለማግኘት አይቸገርም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። “እንጀራ የቦካ ስለሆነ ሕያው ባክቴሪያ እንበላለን” የሚሉ አሉ። በሊጡና በእርሾው ውስጥ የነበሩት ባክቴሪያዎች ምጣዱ ላይ ሲደርሱ በሙቀት ይሞታሉ። የመቡካቱ ጥቅም ሌላ ነው። ብረትና ዚንክ እንዳይሰርጹ የሚይዘውን ፊታይት የሚባል ንጥረ ነገር ይቀንሳል። አሰሩ ደግሞ ሳይነካ ይቀርና አንጀት ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ይመግባል።

ሁለተኛው ጥራጥሬ ነው። ከነቅርፊቱ 100 ግራም ደረቅ ባቄላ 25 ግራም ያህል አሰር አለው። ተከክቶ ቅርፊቱ ሲወጣ ከአሰሩ ብዙው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሽሮው እንዳለ ሆኖ፣ በሳምንት ጥቂት ቀናት ንፍሮ፣ አሹቅ ወይም በቆልት ማዕዱ ላይ ይጨመር። አሰር ያልለመደ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያበዛ ሆዱ ይነፋል፤ ቀስ በቀስ ይልመድ፣ ውኃም ይጠጣ። ጥራጥሬ ስንል ግን ጓያን እንለያለን። ጓያን ዋና ቀለብ አድርጎ ለወራት መብላት እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

ሦስተኛው ሳይበስል የሚበላ የፈላ ምግብ ነው። ስልጆ ከፈላ በኋላ እሳት ስለማይነካው ሕያው ባክቴሪያ ይዞ ይቀርባል። እርጎም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን ካልተፈላ ወተት የተሠራ እርጎ የሳንባ ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስን ሊያስተላልፍ ይችላል። ወተቱን አፍልተው፣ ለብ ሲል ከቀድሞው እርጎ ጥቂት ጨምረው ቢያረጉት ጥቅሙን ያለ ጉዳቱ ያገኛሉ። ጠላ ከታንዛኒያው መጠጥ ጋር ቢቀራረብም አልኮሉ በዝቶ ሲጠጣ ጉበትን ይጎዳል፤ ለመድኃኒት ብሎ መጠጣት መጀመር አይገባም።

ጾምን በተመለከተም አንድ ነገር እንበል። የጾም ማዕድ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ተልባ ሲሆን ለአንጀት ባክቴሪያዎች ድግስ ነው። ነጭ ዳቦ በሻይና ፓስታ በዘይት ሲሆን ግን ከሥጋ መከልከል ውጭ ለሰውነት የሚያተርፈው ነገር ትንሽ ነው።

የስኳሩን ሒሳብ ይያዙ

የዓለም ጤና ድርጅት ወደ ምግብና መጠጥ የሚጨመር ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። ሦስት ማንኪያ ጨምሮ በቀን ሦስት ስኒ ሻይ የሚጠጣ ሰው 36 ግራም አገኘ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ደግሞ 30 ግራምና ከዚያ በላይ ይይዛል፤ ሰባት፣ ስምንት ማንኪያ ማለት ነው። ሁለቱን የደመረ ሰው ብስኩቱ ሳይቆጠር ከገደቡ አለፈ። በማርና በብርዝ ውስጥ ያለው ጣፋጭም በዚሁ ሒሳብ ይገባል።

በአንድ ቀን ማቋረጥ ለሚከብደው ሰው መንገዱ ቀላል ነው። በየሁለት ሳምንቱ ከሻዩ ግማሽ ማንኪያ ይቀንስ፤ ምላስ ይለምዳል። ለልጅ በብስኩት ፋንታ ቆሎ ይያዝለት፤ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ቆሎ ጉሮሮውን ሊያንቀው ስለሚችል በደንብ የበሰለና የተፈጨ ንፍሮ ይሰጠው። ለእንግዳም ለስላሳ መጠጥ ብቸኛው ክብር አይደለም።

መድኃኒትና አራስ ልጅ

ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በቦታው ሕይወት ያድናል። ነገር ግን የሚገድለው በሽታ አምጪውን ብቻ አይደለም፤ ነዋሪዎቹንም ይጨርሳል። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ አሞክሳሲሊን አይፈውሰውም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሱቅ ገዝቶ መዋጥም ሆነ ከጎረቤት የተረፈ መድኃኒት መበደር ይቅር።

ለልጅዎ የመጀመሪያዎቹን ባክቴሪያዎች የሚሰጡት እናቱ በወሊድና በጡት ማጥባት ነው። በየአካባቢው እንገሩን አልቦ የመድፋትና ለአራስ ልጅ ቅቤ የማዋጥ ልማድ እስከ ዛሬ አለ። እንገር የሚደፋ ነገር አይደለም፤ አንጀትን በሚጠብቁ ፀረ እንግዳ አካላት የተሞላ የልጁ የመጀመሪያ ክትባት ነው። የእናት ጡት ወተት ሕፃኑ ራሱ የማይፈጨውና ጠቃሚ ባክቴሪያዎቹ ብቻ የሚመገቡት ስኳር አለው። ስለዚህ ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምር፤ እስከ ስድስት ወር ውኃም ቅቤም ሳይቀምስ ጡት ብቻ ይጥባ።

ባክቴሪያ ይጠቅማል ማለትም ንጽሕና ይቅር ማለት አይደለም። እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የሚጠጣን ውኃ ማከም፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም እንደ ጥንቱ ይቀጥላል። ተቅማጥ የሚደጋገምበት ሕፃን አንጀቱ ይጎዳል፣ እድገቱም ይቀጭጫል።

መቼ ወደ ሐኪም ይሂዱ?

ጥማትና የሽንት መመላለስ ከበዛ፣ እየበሉ ከከሱ፣ ዓይን ከደበዘዘ፣ ቁስል አልድን ካለ ወይም እግር ከደነዘዘ በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ደምዎን ይመርመሩ። በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር በሁለት የተለያዩ ቀናት 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመም ነው። ከነዚህ ምልክቶች ጋር ትውከት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ወይም መዘባረቅ ከታየ ለነገ የሚባል አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይድረሱ።

ሕመሙ ያለባችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ መድኃኒት እንዳታቋርጡ። ባቄላና ስልጆ የኢንሱሊንን ቦታ አይተኩም። ሜትፎርሚን የሚባለው የተለመደ እንክብል ራሱ የአንጀት ባክቴሪያዎችን በመለወጥ ጭምር እንደሚሠራ ጥናቶች ያሳያሉ። ጠበል የምትሄዱ መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ኢንሱሊን የሚወጉና ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ደግሞ ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። ባዶ ሆድ ላይ የሚወሰድ መድኃኒት ስኳርን በድንገት ጥሎ ራስን ሊያስት ይችላል።

የኪሊማንጃሮ ወጣቶች ሁለት ሳምንት በጉዳትም በጥቅምም በኩል በቂ መሆኑን አሳይተውናል። ስለዚህ ከሚቀጥለው ገበያ ጀምሮ አንድ ነገር ይሞክሩ። ጤፉን ሁሉ አይሽጡት፤ የቤቱን ቀለብ አስቀድመው ይለዩ። ከጥራጥሬውም ለንፍሮ የሚሆን ያስቀሩ። ከሚገዛው ስኳር ግማሹን ይተዉና በገንዘቡ ጎመን፣ ካሮት ወይም ለልጆች ፍራፍሬ ይግዙበት።